ትእዛዝ ያልሰጠሁበት ማክሰኞ

አቶ ኡጁሉ ከሥራቸው ሊባረሩ የደረሱት በእኔ ትህትና ምክንያት ነው። አንዲት ልጅ ጨዋና ዝምተኛ ናት ተብላ ስትመሰገን በሰማሁ ቁጥር ደሜ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ነገሩ የተፈጸመው ከአንድ ማክሰኞ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ ባሉት ቀናት ነው፤ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ተመራቂ ሐኪሞች የምንመደብበት ዕጣ ሲወጣ ጋምቤላ ደረሰኝ፤ ጓደኞቼ እንደ ለቅሶ ቤት ተራ በተራ እያቀፉ አጽናኑኝ። ያደግሁት ናዝሬት ስለሆነ ሙቀቱ እንደማይከብደኝ ነግሬያቸው ነበር። ተሳስቼ ነበር። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ማኅተምና አዲስ ሰሌዳ ነበር፤ ወንበር ግን አልነበረም። ስብሰባ ሲጠራ እያንዳንዳችን የየክፍላችንን ወንበር ተሸክመን ነበር የምንሄደው።

ዓይነ አፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በቃል ፈተና ላይ አንድ መምህር፣ «ድምፅሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?» ብለውኝ ክፍሉ በሙሉ ስቆብኛል። መልሴ ልክ ስለነበር ግን ውጤቱን ሰጡኝ። ትምህርቱን በሙሉ ያለፍኩት እንዲሁ ነው፤ ትክክለኛ መልስ በማይሰማ ድምፅ። ይህ ለሐኪም ጉድለት ነው ብሎ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

በሆስፒታሉ የነበርነው ሐኪሞች ሁለት ብቻ ነን፤ ዳይሬክተሩና እኔ። ዳይሬክተሩ ከእኔ በፊት ለሦስት ዓመታት ብቻቸውን የሠሩ፣ እጃቸው የሰላ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ይህን የምለው ክፉ ሰው ነበሩ ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። በደረስኩ በሳምንቱ የሁሉም ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። «ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ደግሞም ስብሰባ አታስረዝሚም» አሉኝ። ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት በሽተኞችን ስንጎበኝ ከኋላቸው እየተከተልኩ ያሉትን እጽፋለሁ። ምን ታስቢያለሽ ብለው የጠየቁኝን ቀን አላስታውስም፤ እኔም ሳልጠየቅ የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም።

አቶ ኡጁሉ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነርስ ናቸው። አኙዋ ናቸው፤ ረጅም፣ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ማደንዘዣ መስጠትን የተማሩት ድሮ እዚያ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ሐኪም እጅ ስለሆነ ሠርተፊኬት የላቸውም፤ በሆስፒታሉ ግን ይህን ሥራ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለሁሉም ሰው፣ ለቢሮ ኃላፊም ሆነ ለዘበኛ፣ አንተና አንቺ ነው የሚሉት፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ንቀት የለበትም። እኔ አንቱ ስላቸው ይስቃሉ። «እኔ ስንት ሰው ነኝ፣ ዶክተር?» ይሉኝ ነበር።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ማደንዘዣ ከመደርደሪያ እየጠፋ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሰው የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ የብረት ሣጥን አስገብተው ትልቅ ጓጉንቸር አደረጉበት። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ከኪሳቸው አይወጣም።

በዚያ ማክሰኞ ዳይሬክተሩ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ በመስኮት ወረቀት አቀበሉኝ። እስኪመለሱ ድረስ እኔን እንደወከሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም አለው። ከታች «ንብረት ነክ ጉዳዮችን ሳይጨምር» ይላል። ቁልፉ ትዝ አለኝና አፌን ከፈትኩ።

«ሌላ ነገር አለ?» አሉ ሰዓታቸውን እያዩ።

«የለም» አልኩ።

መኪናው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። ውክልናው በእጄ፣ ቁልፉ በሰማይ።

አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ከሄደ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኛኬር የምትባል የኑዌር ሴት በአራት ወንዶች ትከሻ ላይ ሆና ገባች። ከኢታንግ ወዲያ ካለ መንደር የባሮን ወንዝ ሽቅብ በጀልባ ነው ያመጧት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የልጁ አንድ እጅ ቀድሞ ወጥቷል፤ ሰውነቱ ግን ማህፀኗ ውስጥ አግድም ተጋድሟል። እንዲህ የተጋደመ ልጅ በራሱ አይወለድም። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ሳደርግ የልጁ ልብ ይመታል፤ እየዘገየ፣ ግን ይመታል። ቀዶ ሕክምናውን በተለማማጅነት ዓመቴ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ እጄ አልፈራም። ወደ መቱ ሆስፒታል እንላካት ብንል፣ በዚያ የክረምት ዝናብ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ማህፀኗ ቀኑን ሙሉ አይጠብቅም።

አቶ ኡጁሉ ዕቃውን ቀቅለው፣ ጠረጴዛውን አሰናድተው፣ ከብረት ሣጥኑ ፊት ቆመው ጠበቁኝ። ዘበኛውን ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ወደ ሐጂ ሱቅ ልከው የብረት መጋዝ አስመጥተዋል። ሐጂ የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው፤ መጋዙን ሲሰጡ፣ «ሐኪም ቤት ይህ ካስፈለገው የታመመው ማን ነው?» ማለታቸውን ዘበኛው ነገረን። ማናችንም አልሳቅንም። አቶ ኡጁሉ መጋዙን ሣጥኑ ላይ አስቀመጡና አዩኝ።

ቀጥሎ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ።

«ጓጉንቸሩን ብንቆርጠው ምን ይመስልዎታል?»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

ኛኬር ከግድግዳው ወዲያ ታቃስታለች። ደብዳቤው በጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነው። ንብረት ነክ ጉዳዮችን ሳይጨምር።

«እኔማ… እንደሚመስልዎት» አልኩ።

አቶ ኡጁሉ መጋዙን አነሡ። ብረቱ እስኪበጠስ ድረስ የፈጀውን ጊዜ እኔ ልብሴን ለመቀየርና እጄን ለመታጠብ ተጠቀምኩበት። እጄን እየታጠብኩ ነበር፤ አስቡት።

ሕፃኗ ሕያው ሆና ወጣች። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ኋላ ግን ጮኸች። እናትየዋም ተረፈች። በቀጣዮቹ ቀናት በኮሪደሩ ስሄድ ራሴን ቀና አድርጌ ነበር። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ዳይሬክተሩ በሳምንቱ ማክሰኞ ተመለሱ። የተቆረጠውን ጓጉንቸር አዩ፤ በማግስቱ ረቡዕ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዲሰበሰብ ጻፉ። ከዚያ ቢሯቸው ጠሩኝ። ከአዲስ አበባ ብስኩት አምጥተውልኛል።

«ተቀመጪ፣ ሰናይት» አሉኝ። «ስለ ጓጉንቸሩ አንቺን አልጠይቅሽም። የቆረጠውን ሰው አውቀዋለሁ።»

ሴትዮዋ ትሞት እንደነበር ነገርኳቸው።

«ትሞት ነበር። ጥሩ ሠርተሻል። የምናወራው ግን ስለ ሴትዮዋ አይደለም። መድኃኒት ሲጠፋ ዝም አልን፤ አሁን ቁልፍ ሲቆረጥም ዝም ካልን ነገ በሩን ነቅለው ይሄዳሉ። ጤና ቢሮው የአጥፊውን ስም ይፈልጋል። የአንቺን ስም አልሰጥም። ገና ጀማሪ ነሽ፤ መዝገብሽ መቆሸሽ የለበትም። ነገ ይህን ወንበር የምትረከቢው አንቺ ነሽ። መሪ መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እጁን ንጹሕ አድርጎ መጠበቅን ነው።»

አቶ ኡጁሉ ከተባረሩ ማደንዘዣ ማን እንደሚሰጥ ጠየቅሁ። ሠርተፊኬት ያለው ነርስ ተመድቦልን በዚያው ወር እንደሚመጣ ነገሩኝ። የነገሩኝ በእርጋታ ነው። እንደሚጠቅሙኝ እርግጠኛ ነበሩ።

ብስኩቱን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ አመሰገንኳቸው። አዎ፣ አመሰገንኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት ወንበራችንን ተሸክመን ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ዳይሬክተሩ ናቸው። አባላቱ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ግርማና አንዲት የሠራተኞች ተወካይ ናቸው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። አቶ ኡጁሉ ለብቻቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ለእሑድ የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል።

ዳይሬክተሩ ጓጉንቸሩን ማን እንደቆረጠው ጠየቁ።

«እኔ ቆረጥኩ» አሉ አቶ ኡጁሉ።

«ማን አዘዘህ?»

ብዕሬ ቆመ። በዚያች ሰከንድ «ዶክተር አዘዘችኝ» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህን ማለት እንደሚችሉም ያውቃሉ።

«ማንም አላዘዘኝም። ዶክተር ጠየቀችኝ። ምን ይመስልሃል አለች። እኔ አየሁ፤ ሴትዮዋ ትሞታለች። ቆረጥኩ።»

«ቁረጥ አላለችህም?»

«አላለችም።»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ እፎይታ ነው ያየሁት። «ጻፊ» አሉኝ። «ሠራተኛው ማንም ኃላፊ ትእዛዝ ሳይሰጠው በራሱ ፈቃድ የመንግሥትን ንብረት መስበሩን አምኗል። ኮሚቴው ከሥራ እንዲሰናበት የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል።»

ጻፍኩት። በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ መስመር ሳላጣምም ጻፍኩት።

ረቂቁን በምሳ ሰዓት ገልብጬ እንዳመጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት እንደምንፈራረም ተነግሮኝ ተበተንን። ክፍሌ ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ሆስፒታል ቃለ ጉባኤ አንብቦ የሚፈርም ሰው የለም። በወራት ውስጥ አንድም ሰው ሲያነብ አይቼ አላውቅም፤ የፊርማ ቦታውን በጣቴ አሳያቸዋለሁ፣ ይፈርማሉ። የፈለግሁትን ብጽፍ ማንም አያውቅም። አቶ ኡጁሉ ይተርፋሉ፤ እኔም አፌን ሳልከፍት እጨርሰዋለሁ። እንዲህ ያለ መውጫ ለእኔ ዓይነት ሰው የተሠራ ይመስላል። ልጽፈው ጀምሬ ነበር።

ከመጨረሴ በፊት ግን እሳቸውን ላያቸው ወጣሁ። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጀርባ የታጠቡ ጓንቶችን ገመድ ላይ እያሰጡ አገኘኋቸው። ነጩን ሸሚዝ አውልቀው የሥራ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሊያባርሯቸው የተስማሙበት ቀን እኩሌታ ላይ፣ ለነገ በሽተኛ ጓንት ያደርቃሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ለምን?» አሉ። «እውነት ነው የተናገርኩት። አንቺ አላዘዝሽም።»

«ማዘዝ ነበረብኝ።»

ጓንቱን ገልብጠው ውስጡን ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ያ ፈረንጅ ሐኪም ክፉ አፍ ነበረው» አሉ። «ቁረጥ ይላል፤ እቆርጣለሁ። ስንት ጊዜ ሰድቦኛል። ነገር ሲመጣ ግን እሱ ፊት ይቆማል፣ እኔ ኋላ። አንቺ አትሳደቢም። ደግ ነሽ። ደግነትሽ እኔ ላይ ከበደ።»

አምስት ልጆች አሏቸው፤ የሞተው ወንድማቸው ሦስት ልጆችም ከእሳቸው ጋር ናቸው። የሚኖሩት በሆስፒታሉ ቤት ነው። ከሥራ ሲወጡ ቤቱንም ይለቅቃሉ። ስምንቱን ልጆች ወዴት እንደሚወስዱ እያሰቡ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ እየወቀሱኝ አልነበረም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ቃለ ጉባኤውን በስውር ለውጬ እንደማስፈርም ልነግራቸው ብዬ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። እኚህ ሰው ጠዋት በአንዲት ትንሽ ውሸት ራሳቸውን ማዳን ሲችሉ እምቢ ያሉ ናቸው። እኔ ደግሞ እውነቱን እንኳ ሳልናገር፣ ማንም በማያነበው ወረቀት ሥር ደብቄ ላሳልፈው ነው። እንደገና እጄን ልታጠብ ነው።

ያኔ ነው የተናደድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። በዳይሬክተሩ፣ በብስኩቱ፣ ሥልጣን ሰጥቶ ቁልፍ በሚነሳ ደብዳቤ፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ።

በዘጠኝ ሰዓት ተመልሰን ተሰበሰብን፤ አቶ ኡጁሉም በሩ አጠገብ ወዳለው ቦታቸው ተመለሱ። ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን አውጥተው፣ «የት ላይ ነው?» አሉ።

«ከመፈረማችሁ በፊት ላንብብላችሁ» አልኩ።

አቶ ግርማ ቀና አሉ። «ምን አጠፋን?» አሉ፤ ተወካይዋ ሳቀች። እኔ ቆሜ አነበብኩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ጓጉንቸሩ እንዲቆረጥ የወሰንኩት በዕለቱ ተወካይ ዳይሬክተር የነበርኩት እኔ ነኝ። ውሳኔዬን በትእዛዝ ቃል አለመናገሬ የእኔ ጥፋት እንጂ የሠራተኛው አይደለም። ሠራተኛው የእኔን ውሳኔ ፈጽሟል፤ በዚህም የሁለት ሰው ሕይወት ተርፏል።»

ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን ከደኑ።

«ይህ ጠዋት አልተባለም» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አልተባለም። የሆነው ግን ይኸው ነው።»

«ጸሐፊ የምትጽፈው የተባለውን ነው።»

«እንግዲያስ ጽሕፈቱን ሌላ ሰው ይያዘው» አልኩና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወንበሬን ጎተትኩ። እግሩ ሲሚንቶውን እየፋቀ ክፉ ድምፅ አሰማ። በሩ አጠገብ፣ ከአቶ ኡጁሉ ጎን አስቀምጬው ተቀመጥኩ። አቶ ኡጁሉ አላዩኝም፤ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ዳይሬክተሩ ደብተሩን ወደ አቶ ግርማ ገፉት። አቶ ግርማ መልሰው ገፉት። «የእኔን ጽሕፈት እኔም አላነበውም» አሉ። «ደግሞ ሁለት ሐኪም ነው ያለን፤ አንዱ ከሳሽ አንዷ ተከሳሽ ከሆኑ፣ ውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ እኔ ነኝ የማክመው?»

«ይህ በመዝገብሽ ላይ ይቀመጣል፣ ዶክተር ሰናይት» አሉ ዳይሬክተሩ። ከዚያ በፊት ዶክተር ብለውኝ አያውቁም።

«ይቀመጥ» አልኩ። ድምፄ ተሰባበረ፤ ግን ተሰማ።

ስብሰባው በዚያ ቀን ሳይፈረም ቀረ። ጉዳዩ ወደ ጤና ቢሮ ተላለፈ፤ እኔም በጽሑፍ የሆነውን ሁሉ አስረዳሁ። ከሳምንታት በኋላ ለእኔ ማስጠንቀቂያ መጣ። ለአቶ ኡጁሉ ምንም አልመጣም፤ እንዲያው ሥራቸውን ቀጠሉ። ዳይሬክተሩ እስኪዛወሩ ድረስ ከእኔ ጋር የተነጋገሩት በብጣሽ ወረቀት ነው። አዲስ ጓጉንቸርም ተገዛ። ቁልፉ አሁንም አንድ ነበር፤ አሁንም በኪሳቸው። ማንም ምንም የተማረ አይመስልም ነበር።

እኔ ግን የሚያስተምረኝ አላጣሁም። ያ ነገር ካለፈ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ሳለ፣ «መርፌ ብንጨምርላት ጥሩ ይመስለኛል» አልኩ። አቶ ኡጁሉ መርፌውን ሞልተው ይዘዋል። አልተንቀሳቀሱም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እየጠበቅኩ ነው፣ ዶክተር» አሉኝ።

«ይስጧት» አልኩ። ወዲያው ሰጧት። በዚያ ዓመት ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉብኝ አልቆጠርኩም። አንድም ጊዜ አልሳቁብኝም።

አሁን በሌላ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ከእኔ በታች ሁለት አዲስ ተመራቂዎች አሉ። አንዷ እኔን ትመስላለች፤ ነርሶቹን ስታዝ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስላል፤ ሁሉም ስለ ጨዋነቷ ይወዷታል። ጠዋት በሽተኛ ስንጎበኝ እሷን አስቀድሜ እኔ ከኋላ እሄዳለሁ። የምትወስነውን ጮክ ብላ እንድትናገር፣ ከዚያም በስሟ እንድትጽፈው አደርጋለሁ። አንድ ቀን አለቀሰች። አላባበልኳትም። ስትሳሳት ግን በጤና ቢሮው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ነግሬያታለሁ።

ይህን የምታነቡ ጀማሪ ሐኪሞች፣ በተለይ እንደ እኔ ድምፃችሁ የማይሰማ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያሳለፍነው ትምህርት የሰውን አጥንት በሙሉ ስሙን አስጠንቶናል፤ «እኔ አዝዣለሁ» ማለትን ግን አላስተማረንም። የሚያስተምረን ቢጠፋም ሥራው አይጠብቀንም። «እንደሚመስልዎት» ስትሉ አክብሮት የሰጣችሁ ይመስላችኋል። የሰጣችሁት ግን የራሳችሁን ሸክም ነው፤ ያውም እምቢ ማለት ለማይችል፣ ሠርተፊኬት ለሌለው፣ ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ለሆነ ሰው። እጃችሁን ንጹሕ አድርጋችሁ ጠብቁ የሚላችሁ አለቃ ሲገጥማችሁ፣ ያ ቆሻሻ ማን እጅ ላይ እንደሚሄድ ጠይቁት።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ አቶ ኡጁሉ ምን ብለው እንዳመሰገኑኝ ይጠይቁኛል። አቶ ኡጁሉ አመስግነውኝ አያውቁም። ልክ ናቸው። እኔ የራሴን ነው መልሼ የወሰድኩት።